የተበሳው ጆሮ ሲያብጥ፣ ታቱው ሲያሳክክ፦ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ጆሮዋን ከላይ በኩል ተበሳች። በአምስተኛው ቀን ጆሮዋ አብጦ በዚያ ጎን መተኛት አቃታት። የጎረቤት እናት ሰምተው የተወቀጠ ቡና በስኒ ይዘው ከተፍ አሉ። ጅማ አድጎ ቁስሉ ላይ ቡና ያልተነሰነሰበት ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቡናውን አፍልተን ጠጣነው፤ እሷን ግን በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰድናት። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጆሮውንና ክንዱን ይዞ እኛ ቤት ይመጣል። ሐኪሞች ከነገሩንና ከዚያ በኋላ ካነበብኩት የያዝኩትን እነሆ።

«ቀልቷል፣ ትንሽ ያመኛል፣ ነጣ ያለ ነገር ደርቆበታል»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሄ ያለ ነው፤ አትደንግጡ። አንድ አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና በቀን ሁለቴ በንጹህ ጎዝ እጠቡት። አልኮል አያስፈልግም፣ አዲሱን ሥጋ ያቃጥለዋል። ጉትቻውን ማሽከርከርም ይቅር። የጅማ ዝናብ ያረጠበው ሻሽ ወይም ሂጃብ ቁስሉ ላይ እንዳይውል፣ ጉትቻውንም እንዳይስብ ተጠንቀቁ። የታችኛው ለስላሳ ሥጋ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። የላይኛው ጠንካራ ክፍልና እምብርት ግን እስከ አንድ ዓመት ሊወስዱ ይችላሉ።

«መግል ይዟል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል»

ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጉትቻውን ማውለቅ ነው። ሐኪም ካላለ አታውልቁ፤ ቀዳዳው ይደፈንና መግሉ ውስጥ ይቀራል። ቅቤ፣ ፌጦ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና... ሁሉም ይቅሩ።

የጆሮው የላይኛው ክፍል ከሆነ አትጠብቁ። እዚያ ያለው ለስላሳ አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ቁስሉን በቀላሉ አይመክትም። ከዘገየ ይሞትና ጆሮው ቅርጹን ያጣል። የእህቴም ችግር ይሄው ነበር፤ በጊዜ ስለደረስን ተረፈች። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ አሞክሳሲሊን ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘውን ባክቴሪያ አይነካውም። ትኩሳት ከመጣ ወይም ከቁስሉ ተነስቶ የሚሮጥ ቀይ መስመር ካያችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

«መግል የለውም፣ ግን ማሳከኩ አላስተኛኝም»

አለርጂ ነው። ጉትቻ ከሆነ ርካሽ ብረት ውስጥ ያለው ኒኬል ይጠረጠራል፤ ሐኪም አሳይታችሁ በቲታኒየም አስቀይሩት። ታቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቀይ ቀለም ነው፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይነሳል።

ለሠርግና ለኢድ የሚቀባው ሂናም እዚህ ውስጥ ይገባል። እውነተኛ ሂና ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ነው፤ ቆዳ ላይ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በደቂቃዎች ጥቁር የሚሆነው ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተደባልቆበት ነው። ውሃ ቋጥሮ ሊያቆስል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። እንዲህ የሆነባት ሙሽራ ከዚያ በኋላ ፀጉሯን በጥቁር ቀለም ብትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፤ አለርጂው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ወዲያው ታጠቡትና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው።

«ድኗል፣ ግን ሥጋ እያበቀለ ነው»

ኬሎይድ ነው። እኛን መሰል ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይሄዳል። ማስቆረጥ ብቻውን አይበጅም፣ ብሶ ይመለሳል። ሐኪም እላዩ ላይ የሚወጋው መርፌ አለ፤ ገና ትንሽ ሳለ ቢጀመር ይሻላል። እናታችሁ ወይም ወንድማችሁ ኬሎይድ ካለባቸው አለመበሳት ነው የሚያዋጣው።

«ምንም የለብኝም፣ መርፌው ግን አሳሰበኝ»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይኖራል፤ በመርፌም፣ የሁለት ሰው መርፌ በተነከረበት የቀለም ብልቃጥም ይተላለፋል። ድዳቸውን በአንድ መርፌ ተራ በተራ የሚነቀሱ ሴቶችም ከዚህ አያመልጡም። በእሳት ማለብለብና በአልኮል መጥረግ አይበቃም። መሣሪያው በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት።

በሌላ ሰው መርፌ ከተወጋችሁ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፣ ባፋጣኝ ቢሆን ይመረጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ጥሩ ነው። አገራችን ውስጥ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ተከትቤያለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም ጠይቁ። ቀኑ ካለፈባችሁም ተመርመሩ፤ ሄፓታይተስ ቢ እስከ 6 ወር ድረስ ምልክት ላያሳይ፣ ጭራሽም ላያሳይ ይችላል።

ገና ልትነቀሱ ከሆነ ነቃሹ መርፌውን ዓይናችሁ እያየ ከእሽጉ ያውጣው፣ ቀለሙንም ለእናንተ ብቻ በትንሽ ክዳን ይቅዳ። ቢያኮርፍ ያኩርፍ።