ቴርሞስታቱን ማን አወጣው? የሚሞቅ አሮጌ መኪና ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ብዙ ኪሎሜትር የሮጠ ኮሮላ ሙቀት አስቸገረኝ ተብሎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) አለው ወይ ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የለውም። "ለአገራችን አያስፈልግም ተብሎ ወጣ" ይሉኛል።

ማነው ያለው? አዲስ አበባ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርን ጠዋት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ እርጥበት ይይዛል፣ ሲሊንደሩ ያለ ጊዜው ያልቃል። ይባስ ብሎ ሙቀቱን ራሱ ሊጨምረው ይችላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው አቋርጦ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ትንሽ መንገድ ይዘጋል። አውጥታችሁ ከጣላችሁት ያ አቋራጭ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ይዞራል። ከተማ ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ግን የሙቀት ጌጁ ይነግራችኋል።

ተበላሽቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ድስት ውስጥ ቀቅሉት። 82 የሚል ከተጻፈበት 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እስከ ጥግ ላይከፈት ይችላል፤ ለዚያ ብላችሁ አትጣሉት። ጭራሽ ካልተከፈተ ወይም ሲቀዘቅዝ ካልተዘጋ ቀይሩት።

ይቺ 92 ዲግሪ ክዳኑንም ትመለከታለች። የራዲያተር ክዳን ላይ 0.9 ተብሎ የሚጻፈው የሚይዘው ግፊት ነው። ግፊቱ ሲያዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም፤ ደህና ሞተር ላይ ውሃው ይፈላል፣ እየገነፈለ ይወጣል፣ ከዚያ "ውሃ ይበላል" ተብሎ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል። ሌላ ቦታ ሁለቴ ቴስታታው ወርዶ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) የተቀየረለት መኪና መጥቶልኝ ያውቃል። ክዳን ቀየርንለት፣ ሄደ። ሰውየው መሳቅም መናደድም አቅቶት ነበር።

ትኩስ ክዳን አትክፈቱ። ይሄንን መድገም ሰልችቶኛል።

ጓርኒሲዮን በእርግጥ ሲቃጠል ደግሞ ሌላ ጥድፊያ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱት፤ ሳያቋርጥ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም። ስህተቱ የሚመጣው ከወረደ በኋላ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን አምጥተው፣ ፊቱን በቢላ ፍቀው ይገጥሙታል! የአልሙኒየም ቴስታታ አንዴ ከጋለ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ብረት አጋድማችሁ ክፍተቱን ለኩ፤ ለብዙዎቹ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዓይን የምታዩት ነገር አይደለም። ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል። ብሎኖቹም በቅደም ተከተላቸው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ይጥበቁ፤ "እጄ ያውቀዋል" የሚለውን ተዉት። በዚያ ላይ ጓርኒሲዮኑን ያቃጠለውን ነገር ካላገኛችሁ ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ኖሮ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር ነው። አረንጓዴ ቀለም ያለው ውሃ ሁሉ ኩላንት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ፣ አይደለም።

ፋኑ መዞሩ ብቻ አይበቃም። የራሱ የፋኑ ሞተር ተቀይሮ ሽቦው ተገላብጦ የተገጠመ ፋን አየሩን ወደፊት ይገፋል፤ ረዳቶቼ መጀመሪያ ሲያዩት ይስቃሉ። ፋኑ ከራዲያተሩ ጀርባ ከሆነ ከፊት በኩል ወረቀት አስጠጉ። መሳብ አለበት።

ጌጁ ወደ ላይ ወጥቶ ድንገት ከወረደ "ተመስገን በረደልኝ" ብላችሁ አትንዱ። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አጥፉ። ውሃ እያለው ማሻቀብ ከጀመረ ደግሞ ኤሲውን ዝጉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ላብ ቢያጠምቃችሁም ቻሉት፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ቴስታታ ያስነጥቃል።

ሁሉም ተሠርቶ መኪናው እንደገና ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ውስጡ አየር ቀርቶ ነው። ቀዝቃዛ እያለ አፍንጫው ወደ ዳገት ዞሮ ይቁም። ማሞቂያው ይከፈት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሣ፣ ውሃው ቀስ እያለ ይጨመር፣ ማኒኮቶው (የራዲያተሩ የላስቲክ ቱቦ) በእጅ ይጨመቅ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፤ ያኔ ሙሉት፣ ክዳኑን ዝጉ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ አንዴ ከፍታችሁ የጎደለውን ጨምሩ።