ከሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳንባ ምች የሚዳርጉ ስህተቶች

ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ካልወጣ አክታ ነው። ታካሚው ቁስሉ እንዳያመው አጥልቆ መተንፈስና መሳል ይፈራል። አክታው የአየር ቱቦዎችን ይደፍናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ይኮማተራል፣ ኢንፌክሽንም ይከተላል። በዕድሜ የገፉ፣ የሚያጨሱና ሲኦፒዲ (የአየር ቱቦዎችን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ሕመምን ተኝቶ ሳለ ብቻ መለካት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ታካሚው ዝም ብሎ ተኝቶ "ደህና ነኝ" ቢልም፣ "እስቲ ይሳሉ" ሲሉት ካልቻለ ማስታገሻው አልበቃውም። ሞርፊን ማብዛት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ ትንፋሽንም ያዳክማል። በጀርባ በኩል የደረት ነርቮችን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከፓራሲታሞል ጋር ቢሰጥ ይሻላል። ሲስል ትራስ ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ። መሳል ካቃተው፣ መስታወት በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ ሰው አፉን ከፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ "ሃ" ይበል፤ አክታው በዚያም ይነቀላል።

ሲጋራን በዋዜማው ማቆም። ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ይመረጣል። ጊዜው ካጠረም ዛሬውኑ ይቁም፤ ለዚህ ተብሎ ግን የካንሰሩ ቀዶ ሕክምና አይጓተት። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ኢንሄለሩን በትክክል መሳብ አለመሳቡ በዚሁ ጊዜ በዓይን ይታይ።

የሚቀረውን የሳንባ አቅም አለማስላት። ሁለቱ ሳንባዎች በድምሩ 19 ክፍልፋዮች አሏቸው፤ የቀኙ የላይኛው ክፍል 3ቱን ይይዛል። የአንድ ሰከንድ የትንፋሽ አቅሙ (በኃይል ሲተነፍስ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያስወጣው አየር) ከሚጠበቀው 50 በመቶ የሆነ ሰው ይህ ሲወጣለት 50 × 16/19፣ ማለትም 42 በመቶ ገደማ ይቀረዋል። ሳንባው ጋዝን ወደ ደም የማስተላለፍ አቅሙም እንዲሁ ይሰላ። አንዱ እንኳ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ደረጃ በማስወጣት ወይም በእግር ጉዞ መፈተን ያስፈልጋል።

የቬንቲሌተሩን (በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚያስተነፍሰውን መሣሪያ) አየር በሚዛን ክብደት መመጠን። ሰው ሲወፍር ሳንባው አይሰፋም። ልኩ ከቁመትና ከጾታ በሚሰላው ክብደት ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ወቅት በአንድ ሳንባ ብቻ ሲተነፍስ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር። ፈሳሽ በደም ሥር ማብዛትም የቀረውን ሳንባ ውኃ ያስቋጥራል።

የደረት ቱቦ አለ ብሎ አልጋ ላይ ማቆየት። ቱቦው ከመራመድ አያግድም። ቱቦው የሚፈስበት ጠርሙስ ከደረት ዝቅ ብሎ ይያዝ እንጂ፣ ታካሚው በ24 ሰዓት ውስጥ በሰው ድጋፍ ተነስቶ ይቀመጥ፣ ይራመድ። በስፓይሮሜትር (አጥልቆ መተንፈስን በሚያለማምድ መሣሪያ) መተንፈስ ይህን አይተካም።

ትኩሳት፣ ቀለሙ የተለወጠ አክታ ወይም የፈጠነ ትንፋሽ ከታየ እስከ ቀጣዩ የሐኪም ጉብኝት አይጠበቅ፤ ወዲያው ይነገር።