የሞንቴኔግሮን ጳጳስና ገዥ በአንድ ወረቀት ላይ ማስተማር

ሐረር ውስጥ የታሪክ ክበብ ለምትመሩ መምህራን፦ ተማሪው «ገዥ» ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ የሾሟቸው ራስ መኮንን ናቸው። በባልካን ተራራማ አገር በሞንቴኔግሮ የነበረው ጉቨርናዱር (ከጳጳሱ ጎን የነበረ ዓለማዊ ገዥ) ግን የንጉሥ እንደራሴ አልነበረም። ልዩነቱ በቃል ከሚነገር ይልቅ ሲሣል ይገባል።

የፍሊፕ ቻርት ወረቀት አጋድሙና 77.5 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሩ። 2 ዓመት በ1 ሳንቲ ሜትር ሲታሰብ ከ1697 እስከ 1852 ይደርሳል። ካልበቃ ሌላ ወረቀት ቀጥሉበት። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ስለሆኑ ጥጉ ላይ በጉልህ ጻፉት፤ አለዚያ ግማሹ ተማሪ ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦ፣ ግማሹ ሳይለውጥ ይሞላል።

ከመስመሩ በላይ ጸቲኝየ ከተማ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያኑንም ሕዝቡንም የመሩት ቭላዲካዎች (ጳጳሳት) ይግቡ፦ ዳኒሎ እስከ 1735፣ ቀጥሎ ሳቫ፣ ቀዳማዊ ፔታር እስከ 1830፣ ዳግማዊ ፔታር እስከ 1851። ከአንዱ ወደ ተከታዩ የሚያመለክቱትን ቀስቶች ሰያፍ አድርጓቸው፤ መነኮሳት ስለማያገቡ ሥልጣኑ በፔትሮቪች ቤት ወደ ወንድም ልጅ ወይም ወደ ቅርብ ዘመድ ነበር የሚተላለፈው።

ከታች ለጉቨርናዱሮቹ ሁለተኛ መስመር ከ10ኛው ሳንቲ ሜትር ጀምሩና እዚያው 1717ን ምልክት አድርጉ። ቬኒስ ከኦቶማን ጋር እየተዋጋች ነበርና ተራራማዎቹን ከጎኗ ለማቆየት የጉቨርናዱርነትን ማዕረግ ከነደመወዙ ሰጠች። ዳኒሎ ከሁለት ዓመት በፊት ሩሲያ ሄዶ ድጋፍ አግኝቶ እንደነበር አትርሱ፤ የሁለቱ ወገን ሽኩቻ ሥሩ እዚህ ነው። ማዕረጉ መጀመሪያ የቩኮቲች ቤት ነበር፣ በኋላ ኜጉሺ ከሚባለው አካባቢ ወደሆኑት ራዶኚቾች ተሻገረ። ፔትሮቪቾችም የኜጉሺ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ካላሳያችሁ ተቀናቃኝነቱ የሩቅ አገሮች ጉዳይ ብቻ ይመስላል።

50ኛው ሳንቲ ሜትር 1797 ነው። ቬኒስ ወደቀች፣ ደመወዝ ከፋዩ ጠፋ፣ የባሕር ዳሯን ከተማ ኮቶርን ኦስትሪያ ያዘች። ራዶኚቾች ወደ ኦስትሪያ አዘነበሉ። 66.5 ላይ የታችኛውን መስመር በቀይ ቁረጡት፦ በ1830 ቩክ ራዶኚች ከኦስትሪያ ጋር በምስጢር ተገናኝቷል ተብሎ ተሻረ፣ ሹመቱም ቀረ።

ሁለቱን መስመሮች እኩል አታወፍሯቸው፤ የቭላዲካው ይበልጥ። በ1831 ሴኔቱን ለማቋቋም ከሩሲያ የመጣውን ኢቫን ቩኮቲችን ከመጀመሪያው ጉቨርናዱር ከቩካዲን ቩኮቲች ጋር የሚያምታቱ ብዙ ስለሆኑ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። መስመሩ የሚያልቀው ሌላው ዳኒሎ በ1852 ጵጵስናውን ትቶ ዓለማዊ ልዑል ሲሆን ነው።