የገጠር አዳራሽ ለማደስ ስትነሱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የእኛ ቀበሌ አዳራሽ ሁለት ጊዜ ታድሷል። የመጀመሪያው እድሳት ዕድሜ አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

አዳራሹ ምንጃር ውስጥ ነው፤ በጤፍ ማሳ መሀል ያለ የባህር ዛፍና የጭቃ ቤት። ትልልቆቹ እንደሚሉት ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ፣ ገበሬ ማህበር ሲቋቋም ነው የተሠራው። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረው እዚያ ነው። በኋላ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። ከዚያ የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ፍየል ይገባበት ነበር። አዲስ አበባ የምንኖር የአካባቢው ልጆች አንድ ፋሲካ አገር ቤት ገብተን ስናየው አንጀታችን አልቻለም። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን፣ ብር አዋጣን፣ ሄደን አደስን። በዓመቱ መስከረም ላይ ስንመለስ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላልጦ መሬት ወርዷል።

እንግዲህ የሚከተለው ያኔ እኛ ካጠፋነው፣ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ሲያጠፉ ካየሁት የተለቀመ ነው።

ከቀለም መጀመር

ቀለም ፎቶ ላይ ያምራል። ገንዘብ ላዋጣ ሰውም ቶሎ የሚታይ ነገር ነው። እኛም በቀለም ጀመርን። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ቀለሙም፣ ግድግዳውም፣ ወለሉም አብረው ይሄዳሉ።

ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወደ አዳራሹ ግቡ። በርና መስኮቱን ዝጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁና ቀና በሉ። ብርሃን የሚያሳይ ነጥብ ሁሉ ሐምሌ ላይ ውሃ ነው። እኛ 40 ላይ ስንደርስ መቁጠር አቆምን።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይመስለዋል። ባለ 35 ጌጁ ከባለ 28ቱ ጋር ሲተያይ ወረቀት ነው። ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም፤ ከሚስማሩ ራስ ሥር የሚገባው ጎማም አይረሳ። አሸንዳ ለመግጠም ብር ካነሰ ቢያንስ ዙሪያውን የውሃ መሄጃ ቆፍሩ። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን እግር እየበላ ስንት ቤት አፍርሷል።

ጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን

ይሄኛው ነው ያዋረደን።

ሲሚንቶ ለእኛ የዕድገት ምልክት ነው፤ ጭቃ ደግሞ የድህነት። እንዲህ ስለምናስብ ከከተማ ግንበኛ ይዘን ሄድን፣ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንን፣ ነጭ ቀለም ቀባን። ግሩፑ ላይ ፎቶው ሲለጠፍ የወረደው ምርቃት ልክ አልነበረው። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ካባ ደረባችሁበት፤ ላቡን በየት ያውጣ?» አሉ። ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ደግሞ ደረቅ ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል ቀስ በቀስ ክፍተት ይፈጠራል። በአንዲት ስንጥቅ የገባ ውሃም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል። ልስኑ ሲወልቅ ከኋላው ያገኘነው ማገር በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሥራውን ለጋሼና ለእኩዮቻቸው ተውነው። የቀረውን ሲሚንቶ አራገፉ፣ የተበላውን እንጨት ቀየሩ፣ የአዲሱን ቋሚ ልጣጭ አንስተው እግሩን ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ከዚያ ጭቃ። አፈሩ ከዚያው ተቆፈረ፤ የጤፍ ጭድ ገባበት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ እየተጨመረበት ተረገጠ። ሲብላላ ይሸታል። እኛ አፍንጫችንን ስንይዝ እሳቸው ጠጋ ብለው እያሸተቱ፣ «ገና ነው፤ ነገም ይረገጥ» ይላሉ። ያ ሽታ ለካ የሥራው መለኪያ ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላ ነገር አለ። ሙሉውን ግድግዳ ከመምረግ በፊት እንጀራ የሚያህል ቦታ ላይ ለጥፎ ሦስት አራት ቀን መጠበቅ ነው። ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመርበታል። በእጅ ሲታሽ ከረገፈ አፈሩ አሸዋ በዝቶበታል። የመጨረሻው ልስን ቀጭን ሆኖ እበት ገባበት። ሲሚንቶ አንጠቀም ማለቴ አይደለም። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን የድንጋይ መሠረት በሲሚንቶ ነው የያዝነው፤ ቦታው እዚያ ነው።

ደቦን ዘመቻ ማድረግ

በመጀመሪያው ጊዜ ሰው በስም ዝርዝር እንዲጠራልን ጠየቅን። መጣ፤ ግን አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ያ ሰው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ለተፋሰስ ሥራ ስንት ቀን ነፃ ጉልበቱን ሰጥቶ ነው የመጣው። ስሙ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የቅጣት እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይመስለውም።

ወንፈልና ደቦን ለዩ። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ካረስክ ነገ ለአንተ አርሳለሁ። አዳራሽ ደግሞ ተራው ሲደርስ መጥቶ አያርስላችሁም። ስለዚህ የሚሆነው ደቦ ነው፤ ደቦ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። የሚጋብዝ፣ የሚያበላ፣ የሚያጠጣ ሰው ማለት ነው። እኛ ብስኩትና የታሸገ ውሃ ይዘን ነው የሄድነው። አሁን ሳስበው ራሱ ያሳፍረኛል። ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ለሚሠራ ሰው ብስኩት!

በሁለተኛው ጊዜ የጠራው እድሩ ነው። ጥሩንባው ማታ ተነፋ፣ ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። ንፍሮ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ጠላ ነበር። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው እየተቀበለ ይረግጣል። መጀመሪያው ጊዜ አንድ ሳምንት የፈጀብን ልስን፣ ጭቃው አንዴ ከተብላላ በኋላ በሁለት ቀን አለቀ።

ቀኑንም ቢሆን አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ አትቁረጡ። ቅዳሜና እሑድ ለእናንተ ይመቻል፤ ገበሬው የሚቆጥረው ሌላ ነው። 12 ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም ነው፣ የገበያው ቀን አለ፣ ለሙስሊም ጎረቤት ዓርብ አለ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ከሰዓት በኋላ ጭቃ እንዲያቦካ አይጠበቅም። ለእኛ አገር የሚመቸው ከውቂያ በኋላ፣ እርሻ ሳይጀመር ያለው ጊዜ ሆኖ አገኘነው። ያኔ ጭዱም እንደ ልብ ይገኛል።

ውሃ የሚቀዱትን ከኮሚቴ ማስቀረት

ኮሚቴያችን ሰባት ሰው ነበር፤ ሰባቱም ወንዶች። ሲሚንቶውን በኩንታል፣ ቆርቆሮውን በቁጥር አስልተናል። ውሃውን ያሰላ የለም። ሲሚንቶም ጭቃም ደግሞ ውሃ ይጠጣል። አንዲት አህያ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትጭን 80 ሊትር ነው፤ ያ ለአንድ ጉድጓድ ጭቃ ምንም ማለት አይደለም። ምንጃር ላይ ውሃ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ደግሞ ቀድቶ ያየ ያውቀዋል። የሚቀዱት ሴቶቹ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ከቤታቸው ቀንሰው አመጡ።

ይባስ ብለን አዳራሹ ውስጥ መድረክ አሠራን። ለማን? በዓመት አንዴ መጥቶ ንግግር ለሚያደርግ እንግዳ። በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። አንዷ እናት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ «ልጆቼ፣ ይሄን መድረክ አፍርሱና በድንጋዩ ከጓሮ በኩል ማዕድ ቤት ሥሩልን። ለቅሶ በመጣ ቁጥር ዝናብ ላይ ነው የምንጋግረው» አሉ። ፈረሰ። ዛሬ ከግቢው ሁሉ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ያ ማዕድ ቤት ነው።

የተሰጠን ሁሉ መቀበል

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። መብራት በሌለበት ስድስት አሮጌ ኮምፒውተር ተረክበናል፤ አንደኛው የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ከውጭ የተላከ አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍም ነበረን፤ የአሜሪካ የግብር ሕግ መማሪያ ሁሉ አለበት። ዲያስፖራ ወገኖቻችን ከልባቸው ነው የሚልኩት፣ አልጠፋኝም። ግን ቀድማችሁ የሚያስፈልገውን ዝርዝር ላኩላቸው። ተማሪዎቹ የፈለጉት የ8ኛና የ12ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍና ማታ የሚያጠኑበት የሶላር መብራት ነበር። ለባነርና ለቲሸርት የወጣውን ብርም ባልናገረው ይሻላል።

ወረቀቱን ለነገ ማለት

አዳራሹ የሕዝብ ነው ይባላል። ጥሩ፤ የቱ ሕዝብ? በእድሩ ስም ነው ወይስ በቀበሌው? ቀበሌው ነገ ሊቀመንበር ሲቀይርስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን በወረቀት ይያዛል። እድሳቱ እስኪያልቅ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቤት ካማረ በኋላ ፈላጊው ይበዛል። እኛ ጋ አንዱ መጋዘን፣ ሌላው ቢሮ ሊያደርገው ጠይቋል። ያዳነን አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ሥራው ሳይጀመር የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት። አዳራሹ ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደሚያስተዳድረው፣ ሌላ ሊጠቀምበት የፈለገ ማንን እንደሚያስፈቅድ ይላል። ወሰኑም በአራቱ አቅጣጫ ከእነማን ጋር እንደሚዋሰን ተጽፏል።

ቁልፉን አለማሰብ

ከመጀመሪያው እድሳት በኋላ ቁልፉን ለአንድ ታማኝ ሰው ሰጠን። እውነትም ታማኝ ነበር። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ማሳ ይውላል፣ ገበያ ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይከርማል። ልጆች ሊያጠኑ መጥተው በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ። እድሩ ሊሰበሰብ መጥቶ ዋርካ ሥር ይቀመጣል። በአራት ወር ውስጥ አዳራሹ የተከፈተበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻል ነበር። ምስጡ ያለ ሃሳብ የበላው በእነዚያ ወራት ነው፤ ዘወትር የሚጠረግ ቤት ውስጥ አንድ ሰው አይቶት ይጮህ ነበር።

አሁን ቁልፉ ሦስት ነው። አንዱ እድሩ ጋ፣ አንዱ የማታ ጥናቱን ከሚመሩት ልጆች ጋ። ሦስተኛው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉት እናት በር ላይ፣ ቀይ ክር ታስሮበት ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። የወሰደ ሰው ስሙን ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ የሚይዙት በቃላቸው ነው። ለሠርግ ወንበር ሲከራይም ብሩን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ የሚያቀብሉት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ስሄድ ቁልፉ ምስማሩ ላይ አልነበረም። ማን ወሰደው አልኳቸው። «የእነ እንትና ልጆች ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ገብተዋል» አሉኝና ሲኒ አቀረቡልኝ። «ደግሞ ስትመጣ የአሸንዳ መያዣ ሽቦ ይዘህ ና፤ በምሥራቅ በኩል ወልቋል።»