ከ200 ፎቶ 10 ለመምረጥ

ለዓመታት ያነሳችሁትን የግል የፎቶ ሥራ ለውድድር ስታዘጋጁ ትልቁ ፈተና መቀነስ ነው። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ የፎቶ ጋዜጠኝነት ውድድር ለምሳሌ በ«ታሪክ» ዘርፉ የሚቀበለው ከ4 እስከ 10 ፎቶ ነው። እጃችሁ ላይ ግን 200 ሊኖር ይችላል።

መላው ይኸው። ፎቶዎቹን በትንንሹ አሳትሙና ወለል ላይ ዘርጓቸው። ስለ ሥራው ምንም የማያውቅ ሰው ጋብዙ። «የትኞቹ ሁለት ፎቶዎች አንድ ነገር ይናገራሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሁለቱ ደካማውን አስወግዱ። 10 እስኪቀር ድገሙት። እናንተ ግን ምንም አታስረዱ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፣ ዋናው ግን እሱ ነው።

ለምን ይሠራል? እኛ ፎቶውን ስናይ የዚያን ቀን ድካም፣ የሰዎቹን ጨዋታ፣ የጠበቅነውን ብርሃን ሁሉ እናስታውሳለን። ስለዚህ መጣል አንችልም። ዳኛው የሚያየው ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

ከ24 እስከ 30 ፎቶ ለሚጠይቀው የወርልድ ፕሬስ ፎቶ የረጅም ጊዜ ፕሮጀክት ዘርፍ ግን ይህን አትጠቀሙ። እዚያ ያው ቤት፣ ያው ሰው በተለያየ ዓመት ሲታይ ነው ታሪኩ። የወደቁትንም ፎቶዎች ሮው ፋይል (ካሜራው ያስቀመጠውን ያልተነካ ዋና ፋይል) እንዳታጠፉ፤ ለሌላ ውድድር ሌላ ምርጫ ያስፈልጋችኋል።