ቀለሙ የለቀቀ የለስላሳ ጠርሙስ እንዴት ይነበባል?

ሜሪላንድ (አሜሪካ) ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ፍሊ ማርኬት፣ ማለትም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ባዶ ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንስቶ የሚያገላብጥ ሐበሻ ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። ባለቤቴ «ቆራሌው» ብላኛለች፤ ስሙን ወድጄዋለሁ። የምሰበስበው አሮጌ የአሜሪካ ለስላሳ ጠርሙስ ነው። በተለይ ጽሑፉ በቀለም የታተመውን፣ ከዚያም ውስጥ ሌላው ሰብሳቢ «ይሄማ አልቆለታል» ብሎ የሚያልፈውን። ርካሽ ነው፤ ደግሞም የሚነበብ ነገር አያጣም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀለሙ ተራ ቀለም አይደለም። የተፈጨ የመስታወት ዱቄት ከማቅለሚያ ጋር ተቀላቅሎ፣ በስክሪን (ቀለም በሚያሳልፍ ወንፊት) ጠርሙሱ ላይ ታትሞ፣ ከዚያ በእሳት የተጋገረ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለስላሳ ጠርሙስ ላይ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ከመስታወቱ ጋር ስለተዋሃደ እንደ ወረቀት አይላጥም፤ ቀስ በቀስ ይሳሳል። የሚያሳሳው ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ነው። ጠርሙሱ ተመልሶ በመጣ ቁጥር በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ መስመሩ ላይም ከጎረቤቱ ጋር ይፋተጋል። ሆዱና ትከሻው ላይ ነጭ የጭረት ቀለበት ካያችሁ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ጠርሙስ ነው። እኔ ይህን ቀለበት እወደዋለሁ። ሻጩ ግን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ይየው፣ ዋጋው ይወርዳል።

አሁን ወደ ንባቡ። ጠርሙሱን አድርቁና መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አምጡት፤ የስልክ መብራት ይበቃል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ያረፈበት ቦታ ከቀሪው መስታወት ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ካልታየ በአፋችሁ እፍ በሉበት። ጉሙ ቀለም በነበረበትና ባልነበረበት ቦታ እኩል ስለማይይዝ ፊደሉ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላል። ስልካችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፤ ቶሎ ይጠፋል። ሦስተኛው ዘዴ ወረቀት ጠቅልሎ በአፉ ማስገባት ነው፤ ለነጭ ጽሑፍ ጥቁር ወረቀት፣ ለደማቅ ጽሑፍ ነጭ ወረቀት። በጥፍርም ዳብሱት። የተጋገረ ቀለም ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል።

አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ አለኝ። ፊቱ ላይ የቀረው ግማሽ ኮከብና የአንድ ፊደል ጭራ ብቻ ነው። ጀርባው ግን ብዙ እጅ ስላልነካው የከተማውና የግዛቱ ስም እፍ ሲሉበት ይወጣል፤ ዚፕ ኮድ (የፖስታ አድራሻ ቁጥር) የለውም። ዚፕ ኮድ የጀመረው በ1963 ስለሆነ፣ ጽሑፉ ላይ ካለ ጠርሙሱ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። አለመኖሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ገለበጥኩት። ቂጡ ላይ የአልማዝ ቅርጽና ሞላላ ክብ ተደራርበው፣ መካከላቸው «አይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። የጠርሙስ አምራቹ የኦወንስ ኢሊኖይ ምልክት ነው፤ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይሠራበት ነበር። ከዚያ አልማዙ ወጥቶ ክቡና ፊደሉ ብቻ ቀሩ። በግራ ያለው ቁጥር የፋብሪካው፣ በቀኝ ያለው የዓመቱ ነው። 6 ብቻ ሲሆን 1936 ነው ወይስ 1946 ያሰኛል። በ1940ዎቹ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ ነጥብ ይደረግ ስለነበር አጉልታችሁ እዩት። የእኔው ነጥብ አለው፤ ስለዚህ 1946 ብዬዋለሁ።

ኮካ ኮላ ላይ አትሸወዱ። እስከ 1950ዎቹ መገባደጃ ድረስ የትንሹ ጠርሙስ ስም ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተቀረፀ ነበር፤ ነጭ ቀለም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የተቀረፀውን አይታችሁ «ቀለሙ ለቋል» አትበሉ፣ መጀመሪያውኑ አልነበረውም። ፔፕሲ ደግሞ እስከ 1950 ገደማ «ፔፕሲ» እና «ኮላ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ልክ እንደኛው የድሮ ቃል መለያ ሁለት ነጥብ ነበረው። የዳይት (ስኳር የሌለው ለስላሳ) ጠርሙስ ላይ ሳይክላሜት የሚል ካነበባችሁ፣ አሜሪካ በ1969 ያገደችው ማጣፈጫ ነውና ከእገዳው በፊት የታተመ ጽሑፍ ነው።

ማጠቡ ላይ እለምናችኋለሁ፣ ረጋ በሉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ውስጡን በጠርሙስ ብሩሽ። ኮምጣጤና ሎሚ አታስነኩት፤ አሲድ ቀለሙን ይበላዋል። የብረት ሽቦና የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም እንደዚያው። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ቀለሞች ውስጥ ሊድ (እርሳስ)፣ ቀዩና ብርቱካናማው ውስጥ ካድሚየም ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም መርዛማ ብረቶች ናቸው። አትፋቁ፣ አትጠጡበት፣ ለልጅ መጫወቻ አትስጡ፣ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ሻጭ ጠርሙሱን ዘይት ቀብቶት ከሆነም በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ጭረቱን ለመደበቅ ነው፤ ሲታጠብ ይመለሳል።

ዋጋን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። የታዋቂ ምርት ጠርሙስ ጽሑፉ ከለቀቀ ከሁለት ሦስት ዶላር በላይ አላወጣም። ተመሳሳዩ ሞልቷል። የትንሽ ከተማ ለስላሳ ፋብሪካ ከሆነ ግን ቢለቅም እገዛለሁ፣ ሁለተኛ ላላገኘው እችላለሁና። አፉን በጣት ዙሩት፤ መክፈቻ የሸረፈው ብዙ ነው። ስንጥቅ ካለው ተዉት።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን የሚፈልግ አይጠፋም። ኮካ አዲስ አበባ ውስጥ መመረት የጀመረው በ1959፣ ድሬዳዋ ደግሞ በ1965 ነው። አገር ቤት ስትሄዱ ባለ ሱቁ ባዶውን እንዲሁ አይሰጣችሁም፤ ሳጥኑ ሊጎድልበት ነው። ሌላ ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱና ለውጡት፣ ወይም ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ ፈልጉ። ሻንጣ ውስጥ ስትከቱት አፉን በካልሲ ጠቅጥቁ፣ ሆዱን በጋቢ ጠቅልሉ፤ በርበሬው አጠገብ ግን አታድርጉት።