የእንግሊዙን ሽፍታ ለጎንደሬ እንዴት ታወሩታላችሁ?

ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ስለ ሸፈተው ሄርዋርድ ቡና ላይ ልታወሩ ካሰባችሁ ከዘሩ አትጀምሩ። «የማን ልጅ ነው?» መባሉ አይቀርም፤ አባቱ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም። ከመሬቱ ጀምሩ። ሊንከንሻየር ውስጥ መሬት እንደነበረውና ከአገር እንደሸሸ በ1086 በተዘጋጀው የንጉሡ የመሬት መዝገብ ላይ ሰፍሯል (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። የርስት ነገር ጎንደር ላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቀጥሎ 1066ን ቶሎ እለፉት። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ ሄስቲንግስ ላይ ንጉሥ ሃሮልድ ሞተ፣ የእንግሊዝ መኳንንት መሬትም ለዊልያም ሰዎች ይታደል ጀመር። በቃ። ጦርነቱን ልተርክ ካላችሁ ሄርዋርድ ሳይመጣ በረካው ያልቃል።

አሁን ወደሚያስቸግረው። በ1070 ሄርዋርድ ከዴንማርኮች ጋር ሆኖ የፒተርቦሮን ገዳም ዘረፈ። እንዳትደብቁት! ኖርማን አበምኔት እየመጣ ነበርና ዘራፊዎቹ «ለገዳሙ ታማኝ ሆነን ነው» ማለታቸውን የገዳሙ ዜና መዋዕል ራሱ ጽፏል፤ ንብረቱ ግን በዴንማርኮች መርከብ ተጭኖ ሄደ። አንዱ «ቤተ ክርስቲያን የዘረፈ ምኑ ጀግና ነው?» ካላችሁ ፒያሳ ላይ ሐውልታቸው የቆመውን አፄ ቴዎድሮስን አስታውሱት። እሳቸውም ሸፍተው ነው የተነሱት፤ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው አቃጥለዋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሞቅ ተዉት ይሙቅ።

ከዚያ ኢሊ። ሄርዋርድና ሌሎች ዐመፀኞች የመሸጉባት፣ በረግረግ የተከበበች ደሴት ናት፤ ደምቢያን በክረምት ያየ ሰው ፈረሰኛ ጦር እዚያ ምን እንደሚገጥመው ይገባዋል። ዊልያም በረግረጉ ላይ መንገድ አሠርቶ በ1071 ያዛት። ትልቁ መኮንን ሞርካር ሳይቀር እጁን ሰጠ። ሄርዋርድ ግን የሚከተሉትን ይዞ አመለጠ።

የተረፈው ጣፋጩ ነው፦ ድብ ገደለ፣ ሸክላ ሻጭ መስሎ ንጉሡ ሰፈር ገባ፣ ጠንቋይ ማማ ላይ ወጥታ ደሴቲቱን ረገመች... ይህ ሁሉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ ገድሉ የመጣ ነውና «ይባላል» እያላችሁ፣ ግን ሳትሰስቱ ንገሩ። አሟሟቱን ሲጠይቋችሁ አንዱ ጸሐፊ ከንጉሡ ታርቆ ኖረ ይላል፣ ሌላው ኖርማኖች ገደሉት ይላል። ሁለቱንም አስቀምጡ። «አንተስ የቱን ታምናለህ?» ቢሏችሁ ስኒውን አቀብሉ።